ራጁን በብብቴ ይዤ የገባሁበት በር

ያዘዛችሁት ምግብ እስኪቀርብ ድረስ ይህችን ጽሑፍ ብታነቧት ብዙ ጊዜ አትወስድባችሁም።

ይህን እንድጽፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ሰሞን ለቅሶ ቤት ተቀምጠን የሰማሁት ነገር ነው። በኬሚስትሪ ዲግሪ ያለው፣ አሁን ዲኤፍደብሊው አውሮፕላን ማረፊያ ዊልቸር የሚገፋ አንድ ወጣት ወንድማችን «ዲግሪዬንማ ቦሌ ጥዬው ነው የመጣሁት» ሲል ሁላችንም ሳቅን። እኔም አብሬ ሳቅሁ። ቤቴ ከገባሁ በኋላ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ። ያችን ቀልድ እኔው ራሴ እዚያው ቦታ፣ እዚያው ሥራ ላይ ሆኜ ለብዙ ጊዜ ስናገራት ኖሬያለሁና።

እኔ ወደዚህ አገር የገባሁት በ2005 ኅዳር ላይ በዲቪ ነው። (ዓመቶቹን ሁሉ የምጽፈው በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ከዚያ በፊት ከአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ ከአራት ኪሎው ሳይንስ ፋኩልቲ በፊዚክስ ተመርቄ ደሴ ላይ አራት ዓመት አስተምሬያለሁ። በፍራንክፈርት በኩል ዲኤፍደብሊው ስደርስ በአንድ እጄ ሻንጣ፣ በብብቴ ሥር ደግሞ ያ ትልቅ ፖስታ ነበረ። በዚያ ዘመን በዲቪም ሆነ በቤተሰብ የመጣችሁ ታስታውሱታላችሁ። ኤምባሲው በወከላቸው ሐኪሞች ዘንድ የተነሳነው የደረት ራጅ ነው። «እንዳይታጠፍ፣ በእጃችሁ ያዙት» ተብለን እንደ እንቁላል ተጠንቅቀን ተሸከምነው። ሳንባችን ከነቀርሳ ነጻ ለመሆኑ ምስክር ነበረ። እንግዲህ ብዙዎቻችን አሜሪካ የገባነው የገዛ ደረታችንን ፎቶግራፍ ይዘን ነው ማለት ነው። ዛሬ ፊልሙ ቀርቶ ምስሉ በኮምፒውተር ሆኗል።

እኔ ግን ያን ፖስታ ይዤ ስገባ አንድ ቀን እንጀራዬ ይሆናል ብዬ አላሰብኩም።

ዲኤፍደብሊው በ1974 የተከፈተ፣ ስፋቱ ከኒው ዮርኩ ማንሃተን ደሴት የሚበልጥ አውሮፕላን ማረፊያ ነው። በመጣሁበት ዓመት ተርሚናል ዲ ገና መከፈቱ ነበር፤ ተርሚናሎቹን የሚያገናኘው ስካይሊንክ የሚባለው ባቡርም የዚያው ዓመት አዲስ ነው። በሦስተኛው ሳምንት አንድ የአገሬ ልጅ ይዞኝ ሄዶ አመለከትኩ፤ ዊልቸር ገፊ ሆንኩ። ማረፊያ ክፍላችን ውስጥ መሐንዲስ አለ፣ የእርሻ ባለሙያ አለ፣ አካውንታንት አለ፣ እኔ የፊዚክስ መምህሩ አለሁ። «ዲግሪ ከተቆጠረማ እኛም ሴኔት ማቋቋም እንችላለን» እያልን ሻያችንን እንጠጣ ነበር። ሥራ ክቡር ነው፤ አዛውንት ገፍቶ ከበሩ ማድረስ የሚያሳፍር ነገር የለውም። የሚያሳፍረው ሌላ ነው። ቀልዱ እያደር ቀልድ መሆኑ ይቀርና እምነት ይሆናል።

እኔን የቀሰቀሰኝ የምሳ ዕቃዬ ነው ብል ትስቁ ይሆናል። ሠራተኛም ብንሆን ወደ ውስጥ ለመግባት እንፈተሻለን። አንድ ቀን አንገቴን ሰገግ አድርጌ የፍተሻውን ስክሪን ሳይ እንጀራዬ ብርቱካንማ፣ ማንኪያዬ ሰማያዊ ሆነው ታዩ። ለምን እንደዚያ እንደሆነ ወዲያው ገባኝ። ምግብና ጨርቅ ከቀላል አቶሞች የተሠሩ ናቸው፣ ጨረሩን በቀላሉ ያሳልፉታል፤ ብረት ግን ያስቀረዋል። ማሽኑ ልዩነቱን በቀለም ይነግረናል። ይህንኑ ነገር ደሴ ላይ በጠመኔ እየሳልኩ አስተምሬዋለሁ። ኤሌክትሮኖች በከፍተኛ ቮልቴጅ ተወርውረው ከተንግስተን ጋር ይጋጫሉ፤ ከጉልበታቸው 99 በመቶ ያህሉ ሙቀት ሆኖ ይቀራል፣ ራጅ የሚሆነው አንድ በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ተማሪዎቼ «ቲቸር፣ ማሽኑን አይተውት ያውቃሉ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልስ አልነበረኝም። ራሴም ያየሁት ለቪዛ ስነሳ ነው። አሁን ግን በየቀኑ በአጠገቡ አልፋለሁ፤ አልፌም ዊልቸር እገፋለሁ።

ያን ዕለት ማታ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። ራጅን በ1895 ያገኘው ጀርመናዊው ቪልሄልም ሬንትገን የፊዚክስ ሰው እንጂ ሐኪም አልነበረም። በ1901 የመጀመሪያውን የፊዚክስ ኖቤል ሽልማት የተሸለመውም በዚሁ ነው። እንግዲያው የእኔ ዲግሪና የሆስፒታሉ ማሽን ዘመዳሞች ናቸው አልኩ።

እዚህ ላይ የሠራሁትን ስህተት ልናገር፤ ሌላው እንዳይደግመው። «በጥቂት ወራት የራጅ ባለሙያ ትሆናለህ» የሚል ማስታወቂያ አይቼ በ2008 ወደ አንድ ትምህርት ቤት ሄድኩ። ስሙን አልጠራም። ያጠራቀምኩትን ሁሉ ከፈልኩ። ለካ ትምህርት ቤቱ ለአገር አቀፉ ፈተና የሚያስቀምጥ እውቅና የለውም። አንድም ቀን «እውቅና አላችሁ ወይ?» ብዬ አልጠየቅሁም። ደሴ ላይ ተማሪዎቼን «ሳትጠይቁ አትመኑ» እያልኩ ያስተማርኩ ሰው ሳልጠይቅ አመንኩ። ገንዘቡ ቀረ፤ ለሁለት ዓመት ያህልም የትምህርት ነገር ሲነሳ ወሬውን አስቀይር ነበር።

ሁለተኛ ስነሳ ጠይቄ ተነሳሁ። በራጅ ሙያ ውስጥ ልታውቋቸው የሚገቡ ሁለት ስሞች አሉ። ጄአርሲኢአርቲ የሚባለው ማሠልጠኛዎችን መርምሮ እውቅና ይሰጣል። ኤአርአርቲ የሚባለው፣ በ1922 የተቋቋመው፣ ባለሙያውን ፈትኖ ይመዘግባል። ከዚያ በተጨማሪ ቴክሳስ ውስጥ ለመሥራት የክፍለ ሀገሩ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ዛሬ ይህ በቴክሳስ ሜዲካል ቦርድ ሥር ነው። በአካባቢያችን ዳላስ ኮሌጅና ታራንት ካውንቲ ኮሌጅ የራጅ ትምህርት አላቸው። ትምህርቱ ሁለት ዓመት ገደማ የሚፈጅ ሲሆን ግማሹ በክፍል፣ ግማሹ በሆስፒታል ነው። በሆስፒታሉ የምትውሉበት ሰዓት ደግሞ ደመወዝ የለውም።

ችግሩ እዚህ ላይ ነው። በየወሩ ለእናቴ እልካለሁ፤ ታናሽ እህቴ ዩኒቨርሲቲ ናት፤ ሁሉም የሚያየው የእኔን እጅ ነው። ቀን ተማሪ ከሆንኩ የሚቀረኝ የማታ ሺፍት ብቻ ነው፤ ኦቨርታይም የለም። ስልኩን አንስቼ ስንት ጊዜ መልሼ አስቀመጥኩት። በመጨረሻ ደወልኩና «እማዬ፣ ለሁለት ዓመት የምልከው በግማሽ ሊቀንስብሽ ነው» አልኳት። ዝም አለች። መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ «ሃሎ፣ ሃሎ» አልኩ። «አለሁ ልጄ» አለችኝ። «ዘሩን የሚበላ ገበሬ ለከርሞ ምን ይዘራል? እኛ እንደምንም እንሆናለን። አንተ ለመዝሪያህ አስቀር።» እህቴም እንግሊዝኛ ለሕፃናት እያስጠናች የራሷን ወጪ መቻል ጀመረች። ያን ዘመን ሳስብ የተማርኩት እኔ ብቻ አይደለሁም፤ ከእኔ ጋር አንድ ቤተሰብ ሙሉ ቀበቶውን አጥብቋል።

በ2010 ገባሁ። ዲግሪዬን አስተርጉሜና አስገምግሜ ሒሳቡና ፊዚክሱ ተያዘልኝ። የጨረር ትምህርት ሲመጣ ክፍሉ ሲጨነቅ ለእኔ እንደ ድሮ ዘፈን ነበር። ርቀት እጥፍ ሲሆን የጨረሩ ኃይል ወደ ሩብ ይወርዳል፤ ስለዚህ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ማለት ብቻውን ጥበቃ ነው። የ19 ዓመት ልጆች በእረፍት ሰዓት ከበውኝ አስጠናቸው ነበር፤ ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ አገር «መምህር» የሆንኩት ያን ጊዜ ነው። ነገር ግን አልኩራ። ፊዚክስ ስለ 206 አጥንቶች ምንም አልነገረኝም። የመጀመሪያውን የአናቶሚ ፈተና ወደቅሁ። የእጅ አንጓ ስምንት ትንንሽ አጥንቶችን ስም በካርድ ጽፌ ዊልቸር እየገፋሁ ከተርሚናል ተርሚናል አጠና ነበር፤ ያኔ ያጠኑኝ እነዚያው ልጆች ናቸው።

ይህ ሥራ ለምን እንደሆነ የገባኝ ግን በልምምድ ላይ ሳለሁ ነው። አንዲት እናታችን ለደረት ራጅ መጡ። ነጠላቸውን አጥብቀው ይዘው ይንቀጠቀጣሉ። የሚነገራቸው አልገባቸውም። ሰው ትንፋሹን ካልያዘ ምስሉ ይደበዝዛል። ፈቃድ ጠይቄ ቀረብኩና «እማማ፣ አይዞዎት፣ ምንም አያምም። አሁን አየር በደንብ ወደ ውስጥ ይሳቡ... ይያዙት... ጎበዝ፣ አሁን ይተንፍሱ» አልኳቸው። ምስሉ በአንድ ጊዜ ጥርት ብሎ ወጣ። እሳቸውም ጉንጬን ይዘው «ልጄ፣ ከየት አመጣህልኝ» ብለው መረቁኝ። ፈተናውን በ2012 አለፍኩ፤ ለእኔ ግን የምረቃዬ ቀን ያ ነው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ። የሳይንስ ዲግሪ ያላችሁ ወገኖቼ፣ ዲግሪውና ሙያው ሲጋጠሙ ነው ኃይል የሚያገኙት። ከ2015 ጀምሮ የኤአርአርቲን ፈተና ለመጀመሪያ ጊዜ የሚቀመጥ ሰው ቢያንስ የአሶሺየት ዲግሪ ሊኖረው ይገባል፤ ዲግሪው ግን የግድ በራጅ ትምህርት መሆን የለበትም። በሆስፒታል የሚሰጡ አንዳንድ ሥልጠናዎች ደግሞ ሰርተፊኬት ብቻ ስለሚሰጡ ዲግሪው ከሌላ ቦታ መምጣት አለበት። የአገር ቤቱ ዲግሪያችሁ ለዚህ ይቆጠር እንደሆነ ገንዘብ ሳትከፍሉ በፊት ከትምህርት ቤቱም ከኤአርአርቲም በጽሑፍ ጠይቁ። በራጅ ከተመዘገባችሁ በኋላ ወደ ሲቲ ስካን፣ ወደ ኤምአርአይ፣ ወደ ማሞግራፊ መቀጠል ይቻላል። የፊዚክስ ዲግሪ ላለው ደግሞ ሜዲካል ፊዚክስ የሚባለው የማስተርስ ትምህርት በር አለ። መማሩም አያልቅም፤ በየሁለት ዓመቱ 24 ነጥብ ተከታታይ ትምህርት ይጠየቃል።

ብዙ ጊዜ የምትጠይቁኝንም ልመልስ። አውሮፕላን ማረፊያ እጃችሁን ወደ ላይ አንስታችሁ የምትቆሙበት ማሽን ራጅ አይደለም፤ በሌላ ዓይነት ሞገድ ነው የሚሠራው። ራጅ የሚነሳው ሻንጣችሁ ነው።

በ2016 እናቴ በዶሃ በኩል መጣች። ተርሚናል ዲ መውጫው ላይ አበባ ይዤ ቆሜ ሳለ በሩ ተከፈተና በዊልቸር ሆና ብቅ አለች። የሚገፋት የአገር ልጅ ነው፤ እኔ የቆምኩበት ቦታ ላይ የቆመ። እናቴ አቅፋኝ ስታበቃ ወደ እሱ ዞራ «ይህም እንዳንተ የተማረ ነው፤ መንገድ ላይ አጫወተኝ» አለችኝ። እኔ ግን ያን ቀን በደስታ ሰክሬ ጉርሻውን ሰጥቼው ሄድኩ። አንድ ቃል አልነገርኩትም። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ስለዚህ ለቅሶ ቤት የሳቅንበትን ወንድሜን በማግስቱ ደወልኩለት። «ዲግሪህን ቦሌ አልጣልከውም፤ ሻንጣህ ውስጥ ነው፤ እስቲ አውጣውና አብረን እንየው» አልኩት። ቅዳሜ ትራንስክሪፕቱን ይዞ ቤቴ ይመጣል። ቡናው ይፈላል። እናቴም ትጠብቀዋለች።

ቸር ይግጠመን።