ውጅግራና አዲሱ ባሩድ

ውጅግራ የሚባለው ጠመንጃ የፈረንሳዩ ግራ ነው፤ በ1874 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ አንድ ጥይት ብቻ የሚጎርስ፣ 11 ሚሊ ሜትር አፈሙዝ ያለው። በአድዋ ዘመን በኢትዮጵያ በብዛት ይገኝ ነበር። የተሠራው ለጥቁር ባሩድ ነው፤ መዝጊያውን የሚይዘውም የእጀታው ሥር ብቻ ነው።

በ1884 እ.ኤ.አ. ፈረንሳዊው ኬሚስት ፖል ቪዬይ ጭስ አልባ ባሩድ ሠራ። በሁለት ዓመት ውስጥ ፈረንሳዮች የግራን ቀልሃ አንገት አጥብበው የ8 ሚሊ ሜትሩን የሌቤል ጠመንጃ ጥይት አወጡ። ዛሬ ጥይት በእጃቸው የሚሞሉ ሰዎችም የሚያደርጉት ይኸንኑ ነው፦ የነበረን ቀልሃ አጥብቦ ወይም አስፍቶ ፋብሪካ የማያመርተውን ጥይት ማበጀት። ቀልሃው ቅርጹን ስለለወጠ ግን አሮጌው ጠመንጃ አይጠነክርም።

ለእንዲህ ያለ አሮጌ ጠመንጃ ጥይት በጭስ አልባ ባሩድ ሲሞላ፣ ከሁሉ የሚከፋው አደጋ ለዓይን የማይታየው ነው። ጥቁር ባሩድ ቀልሃውን ስለሚሞላ ሁለት ጊዜ ቢጨመር ይፈስሳል። ጭስ አልባው ግን ጥቂቱ ስለሚበቃ፣ በስህተት እጥፍ ቢገባ ሰፊው ቀልሃ ይውጠዋል፤ ሲተኮስም መዝጊያው ወደ ተኳሹ ፊት ሊፈነጠር ይችላል። ስለዚህ አረሩ ከመገጠሙ በፊት የእያንዳንዱ ቀልሃ ውስጥ በመብራት ይታያል፤ ከግርጌው በላይ ቀለበት መሰል መስመር ያወጣ ቀልሃ ይጣላል። ለእንዲህ ያለ ጠመንጃ የሚስማማው ጥቁር ባሩድና ለስላሳ እርሳስ ነው፤ ያም ቢሆን ባለሙያ መዝጊያውንና አፈሙዙን ከመረመረ በኋላ።