ኮርሱ ነጻ ነው፣ ዳታው ግን በብር ነው

ኦሞራቴ ላይ በስልክ ሊማር የተነሣ ሰው በመጀመሪያ የሚፈልገው ጥላ ነው። ፀሐዩ ሲበረታ ስልኩ ይግላል፣ ካሜራውም እምቢ ይላል። ላፕቶፕ ያለን ጥቂት ስለሆንን ኤክሴሉንም ካንቫውንም የምንነካካው በዚችው በተሰነጠቀች ስልክ ነው።

ሐምሌ 2016 የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ነጻ ነው፣ ሰርተፊኬትም አለው። ዌብ ፕሮግራሚንግ፣ አንድሮይድ፣ ዳታ ሳይንስ፣ አርቴፊሻል ኢንተለጀንስ ያስተምራል። አልጠላሁትም። ግን ከኦሞ ወንዝ የወጣ ዓሣ ለሚሸጥ ልጅ ከኮድ በፊት የሚጠቅመው ገቢና ወጪውን ራሱ የሚደምርለት ሠንጠረዥ ይመስለኛል።

የዓሣው ማርኬቲንግ ደግሞ ያው ቴሌግራም ነው። እዚያ ላይ «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚባለውን ነገር ማን እንዳመጣብን እንጃ! የጂንካ ደንበኛ ማወቅ የሚፈልገው ግልጽ ነው፦ ቆሮሶ ነው አምባዛ? ኪሎው ስንት ነው? በየትኛው መኪና ይመጣል? በረዶ አለው? በቴሌብር ልክፈል? መልሱን ከፎቶው ሥር ጻፉለት፤ ሳይጠይቅ ያዛል።

ፎቶውን በጠዋት፣ ብርሃኑ ለስላሳ ሳለ አንሡ። ፍላሽ አታብሩ፤ እርጥብ ቅርፊት ያንጸባርቅና ዓሣው ነጭ ላስቲክ ይመስላል። ከጎኑ ሚዛኑን ከነቁጥሩ አስገቡ፤ እንደ እኔ ከየትኛውም ያሸበረቀ ፖስተር ይልቅ ገዢ የሚያምነው ሚዛን ነው።

ወደ ዳታው ስመለስ፣ ረጃጅም የኮርስ ቪዲዮዎችን በማታ ጥቅል አውርዱ፣ ርካሽ ነው። ደግሞ ኤክሴልን በስልክ፣ በአማርኛ፣ ሳያንዛዛ የሚያስተምር ቻናል የምታውቁ ሊንኩን ወዲህ በሉ።