ሰባት የፈረስ ጉልበት

ዕለቱ ቅዳሜ ነው። ናይሮቢ ውስጥ የፋብሪካዎች ሰፈር በሆነው ኢንዱስትሪያል ኤሪያ፣ ከአንድ ጋራዥ ጣሪያ ሥር፣ ሰማያዊ ሱባሩ ኢምፕሬዛ አራት ጎማዎቿን በብረት ከበሮዎች ላይ አሳርፋ ቆማለች። ከፊትና ከኋላ በወፍራም ቀበቶ ከወለሉ ጋር ተጠፍራለች። ከአፍንጫዋ ፊት የሰው ቁመት የሚያህል ማራገቢያ ተደቅኗል። ዛሬ የትም አትሄድም፤ ይሁንና በቆመችበት በሰዓት ከ150 ኪሎ ሜትር በላይ ልትጋልብ ነው።

ባለቤቷ ሃያ ሰባት ዓመት የሆነው ወጣት ነው። ከደመወዙ ሦስት ወር ሙሉ እየቆጠበ የገዛው ዕቃ ከጎኑ በካርቶን ውስጥ ተቀምጧል፤ የሚያብረቀርቅ የአሉሚኒየም ቱቦ፣ ከጫፉም ቀይ ሾጣጣ የአየር ማጣሪያ። በካርቶኑ ላይ “እስከ 20 የፈረስ ጉልበት ይጨምራል” ተብሎ ተጽፏል። “እስከ” የምትለው ቃል ብልጥ ናት፤ ዜሮን ሳይቀር ታቅፋለች፣ ሻጩንም ከሐሰት ታድነዋለች።

አብረውት የመጡት መካኒክ በእናቱ በኩል ዘመዱ ናቸው። ሙያውን አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ አካባቢ ተምረው ናይሮቢ ከገቡ ሠላሳ ዓመት ሊሞላቸው ነው። ዛሬም ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ካንዴላ ይላሉ፤ ጣሊያን ትቶት የሄደውን ቃል በስዋሂሊ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ሰክተው ሲናገሩ ኬንያውያኑ ሠራተኞቻቸው ያለ ችግር ይረዷቸዋል። የዛሬው ፈተና ለእርሳቸውም ቀላል አይደለም። አምስት የወጣቱ ጓደኞች፣ ሁሉም ተመሳሳይ መኪና የሚነዱ፣ ውጤቱን እየጠበቁ ናቸው። መልካም ከሆነ አምስቱም ዕቃውን በእርሳቸው በኩል አስመጥተው ያስገጥማሉ፤ የሚገኘውም ትርፍ የሁለት ወር የጋራዥ ኪራይ ይሸፍናል።

የፈረስ ጉልበት የሚባለው መለኪያ የጄምስ ዋት ቅርስ ነው። በአሥራ ስምንተኛው ክፍለ ዘመን ስኮትላንዳዊው መሐንዲስ የእንፋሎት ሞተሩን ለሚገዙት ሰዎች ከሚያውቁት ፈረስ ጋር ማነጻጸር ነበረበት፤ ስለዚህ ለአንድ ፈረስ ወደ 746 ዋት የሚጠጋ ልክ አወጣለት። አማርኛችን ሲቀበለው “ጉልበት” አለው፤ ጉልበት ኃይልም ነው፣ የእግር መታጠፊያም ነው። ዳይኖ የሚሉት ይህ መሣሪያ የሚሠራውም እንደዚያው ነው፤ መኪናዋን እንደ ፈረስ በጉልበቷ ይፈትናታል። ጎማዎቹ ከባዶቹን ከበሮዎች ሲያሽከረክሩ ምን ያህል ፈጥነው እንዳሽከረከሯቸው ይለካል፣ ከዚያም ያሰላል። በዚህ መንገድ የሚገኘው ቁጥር የጎማው እንጂ የሞተሩ አይደለም፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ በመንገድ ላይ ድርሻቸውን አንስተዋል።

መጀመሪያ መኪናዋ እንደተወለደች ሆና ተፈተነች። በአራተኛ ማርሽ ነዳጁ እስከ ወለሉ ተረገጠ፤ ጣሪያው ተንቀጠቀጠ። 212። ሽማግሌው ሰዓታቸውን አይተው፣ “አሥር ደቂቃ ትረፍ” አሉ። በዚህ ሞዴል ቱርቦው የጨመቀውን አየር የሚያቀዘቅዘው ክፍል ከሞተሩ አናት ላይ፣ ከኮፈኑ ቀዳዳ ሥር ነው ያለው። መንገድ ላይ ነፋስ ያገኛል፤ ጋራዥ ውስጥ ግን ማራገቢያው ምንም ቢበረታ ነፋስን አይተካም። ዕረፍት ሳይሰጡ ደጋግመው ቢፈትኗት በየዙሩ ትደክማለች። እንግዲህ አሮጌውን ዕቃ በጋለ ሞተር፣ አዲሱን በቀዘቀዘ የሚፈትን ነጋዴ ሳይዋሽ መዋሸት ይችላል። ሁለተኛው ዙር 213፣ ሦስተኛው 211 ሆነ።

ከዚያ አሮጌው የፕላስቲክ ሳጥን ወጥቶ አዲሱ ቱቦ ገባ። ሞተሩ ሲነሣ ወጣቱ ፊቱ በራ። ድምፁ ሌላ ሆኗል፤ ነዳጅ በተረገጠ ቁጥር ቱቦው ይስባል፣ ሲለቀቅ ያፏጫል፣ ይሸልላል።

“ጋሼ፣ ይሰሙታል?”

“እሰማለሁ። ሽለላውንማ እሰማለሁ፤ ጠላት ፊት ቆሞ እንየው።”

በእኩል ዕረፍት ሦስት ዙር ተደረገ፤ 219፣ 220፣ 218። የተገኘው ጭማሪ በአማካይ ሰባት ነው። ሃያ አይደለም፣ ግን ዜሮም አይደለም። ወጣቱ ስልኩን አውጥቶ ለጓደኞቹ ሊደውል ሲል መሣሪያውን የሚያንቀሳቅሰው ልጅ ፈገግ አለና አንድ ቁልፍ ተጫነ። 220 የነበረው 273 ሆነ። “ይህንን ላትምልህ?” አለው።

እዚህ ላይ ቆም ማለት ያስፈልጋል። ናይሮቢ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር በላይ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ለመጣ ሰው ቆላ ብትመስልም አየሯ ከሞምባሳው የሳሳ ነው። በራሱ የሚተነፍስ ሞተር እዚህ ከጉልበቱ አንድ ስድስተኛ ያህሉን ያጣል። ስለዚህ መሐንዲሶች በተለያየ ከፍታ የተለኩትን ሞተሮች ለማነጻጸር የማስተካከያ ስሌት አበጁ። ቱርቦ ግን በጭሱ ኃይል እየተሽከረከረ አየሩን ጨምቆ ስለሚያስገባ ከፍታው የነጠቀውን አብዛኛውን አስቀድሞ አስመልሷል። ለእርሱ ያንኑ ስሌት መጠቀም ያልተዘረፈን ሰው ካሣ እንደ መክፈል ነው። ሽማግሌው ይህን ሁሉ አላብራሩም። “ቁልፉን ስትጫን 213ቱስ ስንት ሆነ?” ብለው ብቻ ጠየቁ። 264። ሁለቱም አብረው ፎቅ ወጥተዋል።

ደግሞ ወረቀት ላይ የሚጻፍ የፈረስ ቁጥር ፖለቲካ የማያጣው ነገር ነው። የጃፓን አምራቾች እስከ 2004 እ.ኤ.አ. ድረስ በአገራቸው ገበያ ከ280 በላይ ላለመጻፍ ተስማምተው ነበር። ሞተሮቹ እየጎለበቱ ሲሄዱ ቁጥሩ ከ280 አልነቃነቅም ብሎ ቀረ።

ሽማግሌው ግን ዓይናቸው ከላይኛው መስመር ላይ አልነበረም። ከመስመሩ በታች ሌላ ቀጭን መስመር አለ፤ በጭስ ማውጫው ጫፍ የተሰካ መለኪያ የጻፈው፣ ለአንድ እጅ ቤንዚን ስንት እጅ አየር እንደተቃጠለ የሚናገር። በአሮጌው ሳጥን ጊዜ በከፍተኛው ጉልበት 11.2 ይል ነበር። አሁን 12.4 ይላል።

“ልጄ፣ ሰባቱ ፈረስ ከየት እንደመጣ አየህ?”

“ከአየሩ ነዋ፣ ጋሼ።”

“ከቤንዚኑ ነው የመጣው። ቤንዚን ቀንሰንበት ነው።”

ነገሩ እንዲህ ነው። በአየር ማስገቢያው ውስጥ በኤሌክትሪክ የጋለ ቀጭን ሽቦ አለ። የሚያልፈው አየር ያቀዘቅዘዋል፤ ኮምፒውተሩም ሽቦውን እንደጋለ ለማቆየት ባወጣው ኃይል ምን ያህል አየር እንደገባ ይገምታል፣ ቤንዚኑንም በዚያው ልክ ይመጥናል። አዲሱ ቱቦ ከአሮጌው ሰፋ ይላል። ወንዝ በሰፊ ሜዳ ላይ ሲፈስ ረጋ እንደሚል፣ ያው አየር በሰፊው ቱቦ ውስጥ በዝግታ ያልፋል፤ ሽቦው እምብዛም አይቀዘቅዝም፤ ኮምፒውተሩም “አየሩ ጥቂት ነው” ብሎ ይታለላል። ቤንዚን ይቀንሳል፤ ሞተሩ የቀለለ ጭነት ላይ ያለ መስሎትም እሳቱን ቀደም አድርጎ ይለኩሳል። ፋብሪካው ለቱርቦ ሞተር ቤንዚን አብዝቶ የሚሰጠው ለብክነት አይደለም፤ የተረፈው ቤንዚን ሲተን የቃጠሎውን ግለት ያበርደዋል። ያንን ሲቀንሱበት ለጊዜው ይበረታል። ከዚያም አንድ ቀን፣ በረጅም ዳገት ላይ፣ ቃጠሎው ከሰዓቱ በፊት ይፈነዳና የፒስተኑን የቀለበት ማቀፊያ ይሰብረዋል። በጃፓን 100 ኦክቴን ቤንዚን እንድትጠጣ ተሰልታ የተሠራች መኪና እዚህ ማደያ ከዚያ ያነሰ እየተቀዳላት ስትሄድ ደግሞ ቀኑ ይቀርባል።

ወጣቱ ዝም አለ። ከዚያ፣ “የሳፋሪ መኪኖችስ? እነሱ ቱቦ ቀይረው አይደል ያሸነፉት?” አለ።

ክርክሩ መሠረት የለውም አይባልም። በ1990ዎቹ የሳፋሪ ራሊ መኪኖች የአየር ቱቦ በመስታወቱ ጎን ሽቅብ እስከ ጣሪያው የተዘረጋ ነበር። ሽማግሌው ሳቁ። “እሱ ወንዝ ሲሻገሩ ውኃ እንዳይጠጡ ነው። ጉልበት ፍለጋ አይደለም።” እውነታቸውን ነው። ይልቁንም በ1997 ኮሊን ማክሬ በኢምፕሬዛ ሳፋሪን ሲያሸንፍ ሞተሩ የሚተነፍሰው ደንቡ በወሰነው የ34 ሚሊ ሜትር ቀዳዳ በኩል ነበር፤ ከዕንቁላል ወገብ ያልሰፋ። መሐንዲሶቹ ያንን ጠባብ ጉሮሮ ይዘው ቤንዚኑንና እሳቱን በማመጣጠን ነው ያን ሁሉ ጭቃና አቧራ ያለፉት።

“ታዲያ ምንም አይጠቅምም ማለት ነው?”

“ኮምፒውተሩ ለአዲሱ ቱቦ እንደገና ከተስተካከለ ሊጠቅም ይችላል። የማስተካከያው ዋጋ ግን ከዕቃው ይበልጣል። አለህ?”

የለውም። ሁለቱም ያውቃሉ።

አሮጌውን ሳጥን ለመመለስ ሃያ ደቂቃ ፈጀ። ሽማግሌው የመጨረሻውን ማሰሪያ ሲያጠብቁ ወጣቱ ጠመዝማዛ መፍቻ እያቀበላቸው ነበር። መኪናዋ ስትነሣ እንደ ወትሮዋ ለስላሳ ናት፤ ፉጨቱ የለም። ካርቶኑ ወደ ኋላ ወንበር ሄደ። ስልኩ ሁለት ጊዜ ጠርቶ ነበር፤ ሦስተኛ ሲጠራ ወጣቱ አየውና ወደ ሽማግሌው ዞረ።

“ልጆቹ ናቸው። ምን ልበላቸው?”

ሽማግሌው እጃቸውን በጨርቅ ሲጠርጉ ለአፍታ ዘገዩ። የወሩ ኪራይ ሰኞ ነው የሚከፈለው።

“ወረቀቱን ላክላቸው።”

“የትኛውን?”

“ሁለቱም መስመር ያለበትን። የታችኛውን በስክሪብቶ ክበበው።”