ጠይም በየመብራቱ

አማርኛችን ለቆዳ ቀለም ስስታም አይደለም። ቀይ ይላል፣ ብስል ቀይ ይላል፣ የቀይ ዳማ፣ ጠይም፣ ጠቆር ያለ፣ ጥቁር ይላል። ለልጇ ሚስት የምታፈላልግ እናት መልክን በአንድ ቃል ቢነግሯት አትረካም፤ «ጠይም ስትሉ እንዴት ያለች ጠይም?» ብላ ታፋጥጣለች። ታዲያ ይህ ሁሉ ቃል ያለን ሰዎች መኳኳያ ሱቅ ስንገባ ምን ይገጥመናል? ሦስት ጠርሙስ። አንዱ ለነጭ፣ ሁለተኛው በጣም ለነጣ፣ ሦስተኛው ፀሐይ ለነካው ነጭ። እኔና እህቴ፣ እኛ የዳንግላ ጠይሞች፣ በሦስቱም ውስጥ የለንም።

ወንድ አንባቢዎች ገጹን ከመግለጣችሁ በፊት ትንሽ ታገሡኝ። ነገሩ እናንተንም ይነካል፤ «ቀይ ናት ወይ?» ብሎ የሚጠይቅ ማን ሆነና!

የፊት ቀለም ብቻውን የለም። ብርሃኑ ሲለወጥ ቀለሙም አብሮ ይለወጣል። ቢጫው አምፖል ሰማያዊ ጨረሩ ትንሽ ስለሆነ ጠይም ፊትን ያሞቀዋል፤ ዓይን ቆብ ላይ የተቀባን ሰማያዊ ግን ይገድለዋል፣ ጥላሸት ያስመስለዋል። ረጅሙ ነጭ አምፖል ደግሞ ቀይ ጨረሩ ደካማ ነው፤ በሱ ሥር ቀይ የከንፈር ቀለም ወደ ቡናማ ይሸሻል፣ ጠይም ፊትም ደሙ የተመጠጠ ይመስላል። መስተዋት ፊት የተቀመጠችው ልጅ ይህን የፈዘዘ ፊቷን አይታ «ጨምሪልኝ» ትላለች። ይጨመርላታል። ደጅ ስትወጣ ያ ጭማሪ ሁሉ ይጮሃል።

እህቴ የተዳረችው በጥር ነው። የጥር ፀሐይ በኛ አገር ምን እንደሆነች ታውቃላችሁ፤ ዳንግላ ከባሕር ወለል ከ2,100 ሜትር በላይ ናት፣ እንጅባራማ ከ2,500ም ታልፋለች፤ ሰማዩ ጥርት ሲል ብርሃኑ ምሕረት የለውም። ፊቷን የሠራቻት ሴት መስኮት በሌለው ክፍል፣ በነጭ አምፖል ሥር፣ ከቆዳዋ ሁለት ደረጃ የሚነጣ ቅባት ቀባቻት፤ ላዩ ላይ ፓውደር ነሰነሰችበት። «እትዬ፣ ይሄ እኮ የኔ መልክ አይደለም» ብትላት «ሙሽራ ነሽ አይደል እንዴ? ዛሬማ ቀይ ትሆኛለሽ!» አለቻት። እህቴ ዝም አለች። ከልጅነቷ ጀምሮ «መልኳስ ደህና ነበር፣ ትንሽ ቀላ ብትል» ሲባል የሰማች ልጅ ለእንዲህ ያለው ቃል መመለሻ ከየት ታምጣ?

ዳሱ የተሠራው በሰማያዊ ሸራ ነበር። ፀሐይዋ በሸራው አልፋ ስትገባ ሰማያዊ ሆና ነው የምትገባው፤ የነጣው ቅባት ደግሞ ያገኘውን ብርሃን ሁሉ መልሶ ይረጫል። እህቴ ገብታ ስትቀመጥ ፊቷ አመድ፣ አንገቷ ጠይም፣ እጇ እንሶስላ የሞቀ ቀይ፤ ከሦስት ሰው የተሰፋች መሰለች። የእናቴ ታላቅ እህት ጠጋ ብለው «ምነው ልጄ፣ አሞሻል እንዴ?» አሏት። ለሐሜት አልነበረም፤ ከልባቸው ደንግጠው ነው። እንባዋ የመጣው ያን ጊዜ ነው።

አክስቴ እጇን ይዘው ከዳሱ ጀርባ ወሰዷት። ቅቤ መዳፋቸው ላይ አቅልጠው ጉንጯን አሹላት፤ ቅባትን ቅባት ያወጣዋልና። ከዚያ ለብ ያለ ውኃ አስመጥተው በነጠላቸው ጫፍ ጠረጉላት፣ ዓይኗን ብቻ መልሰው ኳሏት። ስትመለስ እልልታው ከመጀመሪያው በለጠ፤ ወይም እኔ እንደዚያ ሰማሁት። አልበሙ ውስጥ ዛሬም ሁለት ሙሽራ አለች። የፊተኞቹን ገጾች እህቴ ፈጠን አድርጋ ትገልጣቸዋለች።

ይህ አመድ ከየት እንደሚመጣ ከዚያ ወዲህ ስከታተል ኖሬአለሁ። ብዙው ቅባትና ፓውደር ነጭነቱን የሚያገኘው ታይታኒየም ዳይኦክሳይድ ከሚባል ነጭ ዱቄት ነው። ጠይም ቆዳ ከውስጡ ቀይና ቢጫ አለው፤ ነጩ ሲደረብበት ያንን ይሸፍንና ግራጫውን ያስቀራል። የካሜራ ብልጭታ ሲጨመር ጭራሽ ይብሳል። ካሜራውስ ቢሆን መች ለኛ ታስቦ ተሠራ? ኮዳክ ለብዙ ዓመታት ለፎቶ ማጠቢያ ቤቶች የቀለም ማስተካከያ ብሎ የሚልከው ካርድ «ሺርሊ» የምትባል የነጭ ሴት ፎቶግራፍ ያለበት ነበር። የሷ መልክ ካማረ ሥራው አለቀ። የኛዋ ልያ ከበደ የኤስቴ ላውደር ፊት ሆና የተመረጠችው እ.ኤ.አ. በ2003 ነው፤ ከሷ በፊት ያንን ኩባንያ የወከለች ጥቁር ሴት አልነበረችም። ሪሃና እ.ኤ.አ. በ2017 40 ዓይነት የፊት ቅባት ባንድ ጊዜ ስታወጣ ዓለም ጉድ አለ። የኛ እናቶች ጠይምን ብቻ ስንት ቦታ እንደሚከፍሉት ቢሰሙ ኖሮ ባልገረማቸው ነበር።

በምረቃ ሰሞን በዶርማችን የጓደኞቼን ፊት መሥራት በኔ ላይ ወድቋል። ቀለሙን እጅ ላይ አልሞክርም፤ እጅና ፊት አንድ መልክ የላቸውም። መንጋጋ ሥር፣ ከአንገት ጋር በሚገናኝበት ቦታ እቀባለሁ። ከቆዳው ጋር ከጠፋ እሱ ነው፤ ከታየ አይደለም። ከዚያ ልጅቱን ጎትቼ ደጅ አወጣታለሁ። እንጅባራ ጉም ከሆነች እሰየው! ሁሉ የሚያማርረው ጉም ብርሃኑን አለስልሶ እኩል ስለሚያድለው እንደሱ ያለ ሐቀኛ መብራት አላየሁም። ጠቆር ላለችው ዓይኗ ሥር ከቅባቱ በፊት ብርቱካንማ ቀለም ትንሽ አስነካታለሁ፤ አመዱን የሚከለክለው እሱ ነው። ለከንፈር ሐመር ሮዝ አላስጠጋም፤ የሸክላ ቀይ ወይም የቡና ቀለም ይበቃል። የሐበሻ ቀሚስ ለምትለብሰው ነጩ ሸማ ብርሃን ከታች ወደ አገጯ ስለሚመልስባት ቅባቱን ቀንሼ ኩሉን አጠነክራለሁ። ዘንገና ሐይቅ ዳር ፎቶ ለምትነሳ ደግሞ ዛፉ አረንጓዴውን ስለሚረጭባት ጉንጯን ቀላ ማድረግ ያስፈልጋል። ጥር 23 በፈረሰኞቹ በዓል ሜዳ ላይ ቀኑን ሙሉ ልትቆም ያሰበች ግን ከኔ የምታገኘው ኩል ብቻ ነው፤ የቀረውን አቧራው ይቀባታል።

«እባክሽ ትንሽ ቀላ አድርጊኝ» የምትል አትጠፋም። አልከራከራትም። እንዳለችው ሠርቼ መስተዋቱን ይዤ ደጅ አወጣታለሁ። አንዳንዷ አይታ ተመልሳ ትታጠባለች፤ አንዳንዷ «ግዴለም፣ ፎቶው ላይ ይምጣልኝ» ትላለች። ትሂድ እላለሁ። ብቻ ለብ ያለ ውኃ በጆግ አልጋዬ ሥር አስቀምጬላት ነው።