ያለ ደረሰኝ የገባ ጥድ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ አምቦ የሚጓዝ ሰው ጊንጪ ሲደርስ በስተ ቀኙ ራቅ ብሎ የጠቆረ ተራራ ያያል። ጭልሞ ነው። ዙሪያው የጤፍና የስንዴ ማሳ ነው፤ ዛፍ ቢታይም ባሕር ዛፍ ነው። እዚያ ላይ ግን ጥዱ፣ ዝግባው፣ ወይራውና ጥቁር እንጨቱ አባቶቻችን እንደሚያውቁት ቆሟል። ከሥሩ የሚፈልቁት ምንጮች ቁልቁል ወርደው አዋሽ ይገባሉ፤ አዋሽም ቆቃን አልፎ እስከ አፋር ምድር ይዘልቃል።

እኔ መጸለይ የተማርኩት በዚህ ደን ውስጥ ነው። በደርግ ዘመን የጉባኤያችን በር በታሸገ ጊዜ፣ ጥቂት ወጣቶች እንጨት ለቃሚ መስለን፣ ገመድ ትከሻችን ላይ አድርገን ወደ ጭልሞ እንወጣ ነበር። አንዱ መጽሐፍ ቅዱሱን በጋቢው ውስጥ ይይዛል፣ አንዱ ራቅ ብሎ ይጠብቃል፣ የቀረነው ከጥድ ሥር ተንበርክከን እንጸልያለን። ድምፃችንን ደኑ ይውጥልናል። ስንመለስ ለማስመሰያ ጭራሮ ተሸክመን እንወርዳለን። ያ ደን ሸሽጎናል ብል ማጋነን አይሆንም።

ውድ አንባቢ፣ የዛሬው ጽሑፌ ግን የዚያን ዘመን ትዝታ ለማውራት አይደለም። የሸሸገኝን ደን በኋላ ምን እንዳደረግሁት ለመናገር ነው። ለብዙ ዓመታት ለባለቤቴ እንኳ አልነገርኳትም ነበር።

«ጌታ አቀረበልን»

በ1997 ዓ.ም. ነው። ምእመናኑ በዝተው ዳሱ አልበቃ ብሎን ነበር። ዝናብ ቆርቆሮውን ሲመታው የሰባኪው ድምፅ አይሰማም። ሕንፃ ለመሥራት ተነሣን፤ እኔም የሕንፃ ኮሚቴው ጸሐፊ ሆኜ ተመረጥኩ። እናቶች እንቁላል እየሸጡ፣ ገበሬው ከጎተራው እየቀነሰ፣ መምህራን ከደመወዛቸው እየቆረጡ ግድግዳው ቆመ። የጣሪያው እንጨት ላይ ስንደርስ ገንዘባችን ተመናመነ።

በዚህ መሐል አንድ ነጋዴ መጣ። ለባሕር ዛፍ በያዛችሁት ገንዘብ ምስጥ የማይበላው የጥድ እንጨት አመጣላችኋለሁ አለ። ከየት እንደሚያመጣው ማናችንም አልጠየቅንም። ያልጠየቅነው ስለምናውቅ ነበር። አንድ የኮሚቴ አባል ብቻ «ፈቃድ አለው ወይ?» ብሎ ሲጀምር፣ ሌላው «ለእግዚአብሔር ቤት እኮ ነው፤ ምን አለበት?» አለው። እርሱም ዝም አለ። እንጨቱ ሌሊት በጋሪ ገባ።

ደረሰኝ አልነበረውም። እኔ ደግሞ መዝገብ ያዥ ነኝና የሆነ ነገር መጻፍ ነበረብኝ። ብዕሬን አንሥቼ «የባሕር ዛፍ ግዢ» ብዬ ጻፍኩ። ፈረምኩበትም።

በሚቀጥለው እሑድ መድረክ ላይ ወጥቼ፣ ገንዘባችን ባለቀበት ሰዓት ጌታ እንዴት እንዳቀረበልን መሰከርኩ። ጉባኤው «ሃሌ ሉያ!» አለ፤ እልልታው ቀለጠ። ዛሬ ሳስበው ከመዝገቡ ውሸት ይልቅ የሚከብደኝ ያ ምስክርነት ነው። የሰረቅነውን ጌታ ሰጠን አልኩ።

በሩ አጠገብ የሚቀመጡት አባት

በ1980ዎቹ መጨረሻ ፋርም አፍሪካ የተባለው ድርጅት አሳታፊ የደን አስተዳደር የሚባለውን አሠራር በጭልሞና በቦንጋ ጀምሮ ነበር። ሐሳቡ ቀላል ነው። ደኑ አጠገብ የሚኖረው ሰው በማኅበር ተደራጅቶ ከመንግሥት ጋር ውል ይገባል፤ ይጠብቃል፤ በልክና በሥርዓት ይጠቀማል። ከጉባኤያችን አባላት መካከል አንድ አባት በደኑ ጥግ ይኖሩ ነበርና በተራቸው ደን ይጠብቁ ነበር።

ሕንፃው በተመረቀ ቀን እኚህ አባት በሩ አጠገብ ተቀምጠው ቀና ብለው ጣሪያውን ሲመለከቱ አይቻለሁ። የሚጸልዩ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ መምጣታቸው ቀነሰ። ሲመጡም እዚያው በሩ አጠገብ ይቀመጡና ስብከቱ እንዳለቀ ይሄዳሉ። እኛም «አባባ በእምነታቸው ቀዝቅዘዋል» ብለን በጸሎት ርእስ ያዝንላቸው።

በ2010 ዓ.ም. መታመማቸውን ሰምቼ ልጠይቃቸው ሄድኩ። ቡና ተፈላ፤ ጸለይን። ልነሣ ስል፣

«ወንድሜ፣ ያ ጣሪያ አሁንም አያፈስም?» አሉኝ።

«አያፈስም፣ አባባ።»

«ጥድ ነዋ! ጥድ መች በቀላሉ ይበሰብሳል?» አሉና ዝም አሉ። ቆየት ብለው፣ «ያን ሌሊት ተረኛው ጠባቂ እኔ ነበርኩ» አሉ።

እንዲህ ነበር የሆነው። በማለዳ 11 ጉቶ ቆጠሩ። አብረዋቸው የሚጠብቁት ሰዎች «ካልሸጥከው በቀር አንተ እያለህ ይህ ሁሉ እንጨት እንዴት ይወጣል?» አሏቸው። ማስረጃ አልነበራቸውም። ለእርሻ የሚያሳድጉትን ወይፈን ሸጠው ቅጣት ከፈሉ። ስማቸው ግን በገንዘብ የሚከፈል አልሆነም፤ በሰፈሩ «ደን ሻጩ» ተብለው ቀሩ።

«በምረቃው ቀን ቀና ስል አየሁት» አሉኝ። «ሽታውም ነገረኝ። ጣቴን ወደ ላይ ብቀስር ኖሮ ስሜ በዚያው ቀን ይጠራ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልተናገሩም?» አልኳቸው። ድምፄ ተቆራረጠብኝ።

«ምን ብዬ? አማኞቹ ሌቦች ናቸው እንዲባል? የጌታ ስም ከሚሰደብ የእኔ ይሰደብ አልኩ።»

ለ13 ዓመታት በጸሎት ርእስ የያዝናቸው ሰው እኛን ተሸክመው ይኖሩ ነበር።

ነህምያ ደብዳቤ ጠይቋል

ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መጽሐፍ ቅዱሴን ገለጥኩና ነህምያ ላይ አረፍኩ። ለሕንፃው ገንዘብ ስናሰባስብ ስንት ጊዜ ሰብኬበታለሁ! «ተነሡ እንሥራ» የሚለውን መንፈስ ወድጄዋለሁ። በምዕራፍ 2 ቁጥር 8 ላይ ያለውን ግን እንዳላየሁ አልፌዋለሁ። ነህምያ የእግዚአብሔር ጥሪ ነበረው፣ የንጉሡም ሞገስ ነበረው። ይሁን እንጂ እንጨት ያስፈለገው ጊዜ የንጉሡን ደን ለሚጠብቀው ለአሳፍ የሚሰጥ ደብዳቤ ጠየቀ። ሰሎሞንም ለቤተ መቅደሱ ዝግባ ሲፈልግ ለኪራም በስንዴና በዘይት ከፍሏል (1ኛ ነገሥት 5)። ዳዊት ደግሞ የኦርናን አውድማ በነጻ ውሰድ ሲባል፣ ዋጋ ያልከፈለበትን መሥዋዕት ለአምላኩ እንደማያቀርብ ተናግሯል (2ኛ ሳሙኤል 24፥24)። እኔስ ያቀረብኩት መሥዋዕት ዋጋ ተከፍሎበታል፤ የከፈሉት ግን በሩ አጠገብ የተቀመጡት አባት ናቸው።

ለምን አልፌ አነበብኩት? ራሴን ስመረምር አንድ ነገር አገኘሁ። የጎረቤቴን በግ አልነካም፤ ስርቆት ነውና። የጭልሞን ጥድ ግን የማንም አድርጌ ቆጥሬዋለሁ። ይህ አስተሳሰብ የእኔ ብቻ አይደለም። በ1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት በአዋጅ የሕዝብ ሀብት ሆነ። በ1983 ዓ.ም. መንግሥት ሲቀየር በየቦታው የመንግሥት ደን የተባለው በመጥረቢያ ሲወድቅ ብዙዎቻችን አይተናል። «ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል» እያልን ያደግን ሰዎች ነን። በአፋችን የመንግሥት ነው ስንል በልባችን የማንም አይደለም ማለታችን ነው። ነገር ግን የማንም ባልኩት ደን ውስጥ ሌሊቱን በብርድ የሚያሳልፍ፣ ስሙን ያስያዘበት ሰው ነበረ። የሁሉም የሆነውን የሚወስድ ሰው ሳያውቀው ከአንድ ከሚታወቅ ሰው ቤት ይወስዳል።

በኅዳር 2008 ዓ.ም. በጊንጪ የተማሪዎች ተቃውሞ ሲነሣ፣ ከተነሡት ጉዳዮች አንዱ የጭልሞ ደን ነበር። እኛም በቤተ ክርስቲያናችን ለአገር ሰላም ጾም ጸሎት ይዘን ነበር። መጸለያችን መልካም ነው። በዚያ ሰዓት ግን ከዚያው ደን በተሰረቀ እንጨት ሥር መንበርከካችንን የምናውቅ ጥቂቶች ነበርን፤ አንዳችንም አልተናገርንም።

የመካነ ኢየሱስ ቤተ ክርስቲያን ዋና ጸሐፊ የነበሩት ቄስ ጉዲና ቱምሳ፣ ሐምሌ 21 ቀን 1971 ዓ.ም. ተይዘው የተወሰዱትና የተገደሉት፣ ሰውን መንፈሳዊና ሥጋዊ ብሎ መክፈል እንደማይገባ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ቤተ ክርስቲያናቸው በ1964 ዓ.ም. ለሉተራን ዓለም ፌዴሬሽን የጻፈችው ደብዳቤም ወንጌልን መስበክና የሰውን ኑሮ ማልማት የማይነጣጠሉ መሆናቸውን ያስረዳ ነበር። እኛ ይህን ትምህርት «ሁለንተናዊ አገልግሎት» ብለን በሴሚናር ተምረነዋል። እኔ ግን በኪሴ ሁለት ብዕር ይዤ ነበር፤ አንዱ ስብከት ይጽፋል፣ አንዱ መዝገብ።

መዝገቡን ማረም

ነገሩን ለሽማግሌዎች ይዤ ቀረብኩ። አንዱ «ያለፈ ነገር ነው፤ በደሙ ታጥቧል። አሁን ብናወጣው ቤተ ክርስቲያን ትሰደባለች» አለ። ከልቡ ነበር፤ አልፈርድበትም። እኔም በጌታ ደም መታጠቤን አምናለሁ። ነገር ግን ዘኬዎስ ጌታን በቤቱ ተቀብሎ ሳለ የበደላቸውን ሰዎች እመልሳለሁ ብሏል (ሉቃስ 19)። ጌታም ወንድምህ የተቀየመብህ ነገር ካለ መባህን በመሠዊያው ፊት ትተህ አስቀድመህ ታረቅ ብሎ አስተምሯል (ማቴዎስ 5)። የእኛ መባ መሠዊያው ራሱ ላይ ጣሪያ ሆኖ ተቀምጧል! ብዙ ተነጋገርን፤ በሦስተኛው ስብሰባ ተስማማን።

ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ወደ ደኑ ጠባቂዎች ሄድን። እኚያ አባት ልጃቸው ደግፏቸው መጥተው ነበር። ተነሥቼ ከነጋዴው ቃል እስከ መዝገቡ ፊርማ ድረስ ተናገርኩ። ለሚመጣው ቅጣት ተዘጋጅተን ነበር የሄድነው። ለረጅም ጊዜ ማንም አልተናገረም። ከዚያ ያን ጊዜ «ሸጥከው» ካሏቸው ሰዎች አንዱ ተነሣና ጉልበታቸውን ሊስም አጎነበሰ። እርሳቸው አልፈቀዱለትም፤ አቅፈው አለቀሱ።

ቤተ ክርስቲያን የእንጨቱን ዋጋ በጊዜው ገበያ ከፈለች። የወይፈኑን ዋጋ እኔ ከኪሴ ከፈልኩ። አባባ ገንዘቡን ሲቀበሉ፣ «ወይፈኑማ እስካሁን ቢኖር አርጅቶ ይሞት ነበር። ስሜን ነው የመለስክልኝ» አሉኝ። እኔም የድሮውን መዝገብ አውጥቼ «የባሕር ዛፍ ግዢ» የሚለውን ሰረዝኩና ከጎኑ «ያለ ፈቃድ የተቆረጠ የጭልሞ ጥድ» ብዬ ጽፌ በአዲስ ቀን ፈረምኩ።

በእሑዱ በዚያው መድረክ ላይ ቆሜ የቀድሞ ምስክርነቴን አረምኩ። እልልታ አልነበረም። ከጉባኤው በኋላ ግን ሰዎች አንድ አንድ እያሉ ወደ እኔ መጡ። ነጋዴው «ደንበኛ ሲመጣ ‹በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?› ብዬ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለኝ፤ ያለ ደረሰኝ ሲሆን 15 በመቶው ታክስ ይቀራልና። ሌላው ቤት ሲገዛ በውሉ ላይ ዋጋውን አሳንሶ አስጽፏል። አንዷ እህት ከመሥሪያ ቤት ወረቀት እየወሰደች ለሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ታባዛለች። ሁላችንም አንድ ዓይነት መልስ ነበረን፤ «ምን አለበት?»

ኃጢአት ልማድ ሲሆን ድምፁ ይጠፋል። ማመንዘርና መስከር የምናወግዛቸው ኃጢአቶች ናቸው፤ ስማቸውን እናውቃለን። «ምን አለበት» ግን ስም የለውም፤ ስለዚህ ንስሐ አንገባበትም። ለእኔ የጠቀመኝ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው፦ በዚህ ነገር የእኔን ዕዳ የሚከፍለው ማን ነው? ፊቱን ባላየውም አንድ ሰው አለ።

በዚያው ዓመት ክረምት ከሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ጋር ወጥተን፣ ማኅበሩ ባሳየን ቦታ የጥድና የዝግባ ችግኝ ተከልን። ጥድ ቀስ ብሎ ነው የሚያድገው። ጣሪያ የሚሸከም ግንድ ሲሆን እኔ አላየውም፤ ምናልባት ከልጆቹ አንዳንዶቹ ያዩታል።

አባባ አሁን በሩ አጠገብ አይቀመጡም። አቅም ባገኙ እሑድ ልጃቸው እየደገፋቸው ከፊት ወንበር ይቀመጣሉ። እጃችንን ዘርግተን ስንዘምር ቀና ስል ያ ጥድ ከነጉጡ ይታየኛል። እንዲነሣ አልፈልግም። ለምንጸልይ ሰዎች ከላያችን ያለው ነገር ከየት እንደመጣ ማስታወሱ ይጠቅመናል።

ውድ ወንድሜ፣ ውድ እህቴ፣ በአንቺና በአንተ መዝገብ ላይ «ባሕር ዛፍ» ተብሎ የተጻፈ ጥድ ይኖር ይሆን? ካለ፣ ለማረም አልረፈደም። ጌታ ይርዳን።