አጉራሹ የሚቀመጥበት ወንበር

አሜሪካ ውስጥ የዒላማ ተኩስ ውድድር ሲያበቃ ብዙዎቹ ተኳሾች ጎንበስ ይላሉ። የሚለቅሙት ቀለሃ ነው። ከጥይት አካላት ሁሉ ውዱ፣ ከተተኮሰ በኋላም መልሶ የሚያገለግለው ይኸው የናስ ቀለሃ ስለሆነ፣ ጥሎት መሄድ ያንገበግባቸዋል። ለቃሚው ቤቱ ወስዶ ያጸዳዋል፤ ከዚያም ጋራዡ ውስጥ ከጠረጴዛ ጋር በብሎን በታሰረ ማሽን ሞልቶ አዲስ ጥይት ያደርገዋል። በአገሪቱ የፌዴራል ሕግ ለራሱ የሚሞላ ሰው ፈቃድ አይጠየቅም፤ ሞልቶ ለመሸጥ የተነሳ ግን ፈቃድ ማውጣት አለበት።

አንድ ጥይት የአራት ነገሮች ድምር ነው፦ ቀለሃው፣ ከግርጌው የሚሰካው ፕራይመር የሚባል ለኳሽ፣ ባሩዱ እና አረሩ። የመሙያው ማሽን ክብ ሳህን አለው። ቀለሃዎቹ በሳህኑ ዙሪያ ይቆማሉ፤ ማንሻው አንዴ በተሳበ ቁጥር እያንዳንዱ ወደሚቀጥለው ወንበር ያልፋል። አንዱ ወንበር ላይ ያረጀው ፕራይመር ይወጣል፣ ሌላው ላይ ባሩድ ይፈሳል፣ ሌላው ላይ አረሩ ጠብቆ ይያዛል። ወንበሮቹ ሁሉ ከተያዙ በኋላ ማንሻው በተሳበ ቁጥር አንድ ያለቀ ጥይት ይወጣል። ቀኝ እጅ ማንሻውን ሲስብ ለግራ እጅ የቀረችው ሥራ አንዲት ናት፦ አረር አንስቶ ቀለሃው አፍ ላይ ማቆም። አረር አጉራሹ የተሠራው ይህችንም ሥራ ለመረከብ ነው።

አጉራሹ ከማሽኑ በላይ የሚሰቀል ጎድጓዳ ሳህን ነው። አረሮች እንደ ነገሩ እፍኝ እፍኝ እየተደረጉ ይገለበጡበታል፤ ውስጡ ያለው ዘንበል ያለ ክብ ገበታ በኤሌክትሪክ ሞተር እየዞረ አንድ አንድ እያነሳ ያወጣቸዋል። እኔን የሚያስደንቀኝ እዚህ ላይ ነው። ገበታው ዓይን የለውም፤ የትኛው አረር በጫፉ፣ የትኛው በግርጌው እንደቆመ አያይም። ግን የአረሩ ቅርጽ ራሱ ይነግረዋል። በመንገዱ ላይ ትንሽ ክፍተት ይተዉለታል፤ ሰፊው ግርጌ ክፍተቱን ተሻግሮ ያልፋል፣ ሾጣጣው ጫፍ ግን የሚደገፍበት አጥቶ ይገለበጣል። በመጨረሻ ሁሉም ጫፋቸውን ወደ ላይ አድርገው በቱቦ ይወርዳሉ። በቢራና በለስላሳ ፋብሪካ ቆርኪው ሁሉ ፊቱን ወደ አንድ ወገን አዙሮ ጠርሙሱ ላይ የሚደርሰው በዚሁ ብልሃት ነው። ጫፉ ሰፋ ብሎ የተደፈጠጠ አረር ሲገባ አጉራሹ የሚቸገረውም ስለዚህ ነው፤ ጫፍና ግርጌ ሲመሳሰሉ የሚለይበት ምልክት ያጣል።

ከቱቦው ሥር ያለችው ክፍል ደግሞ ይበልጥ ታምራለች። ሚስተር ቡሌትፊደር በሚባለው ዓይነት ትናንሽ የብረት ኳሶች አረሩን ከግራና ከቀኝ ቆንጠጥ አድርገው ይይዙታል። ቀለሃው ከታች ሲመጣ፣ አፉ አስቀድሞ በትንሹ ተከፍቷልና፣ ገፍቶ ያነሳቸዋል፤ ኳሶቹ ይላቀቃሉ፣ አንድ አረር ብቻ ይወርዳል፣ ተከታዩ ይያዛል። ቀለሃ ካልመጣ አረር አይወርድም። ጠያቂ ሳይኖር የማይሰጥ መሣሪያ ማሰብ ቀላል ሥራ አይደለም።

ታዲያ ይህ ሁሉ ከሆነ ጥይት የሚሞሉትን የሚያከራክራቸው ምንድን ነው? ክርክሩ ወንበር ነው። በብዙዎች ጋራዥ ያሉት ማሽኖች፣ የዲሎን ኩባንያ ኤክስኤል 750 ይሁን ከእርሱ በፊት የነበረው 650፣ አምስት ወንበር ብቻ አላቸው። ከባሩዱ ቀጥሎ ያለው ሦስተኛው ወንበር የባሩድ ተቆጣጣሪው ነው፤ ዘንግ ወደ ቀለሃው ሰድዶ፣ ባሩዱ እጅግ ቢያንስ ወይም እጅግ ቢበዛ ይጮኻል። አጉራሹም መቀመጫ ይፈልጋል። አረሩን ገፍቶ የሚያስገባውንና የቀለሃውን አፍ የሚያጠብቀውን ሥራ በአንድ ወንበር ማጣመር ይቻላል፤ ብዙ ሰው ግን ሁለቱን ለየብቻ መሥራት ስለሚወድ ተቆጣጣሪውን አንስቶ በቦታው አጉራሹን ያስቀምጣል።

የተነሳው ማን እንደሆነ እናስብ። የ9 ሚሊ ሜትር ሽጉጥ ጥይት ባሩድ አብዛኛውን ጊዜ ከግማሽ ግራም በታች ነው። ባሩድ ያልገባበት ጥይት ሲተኮስ ፕራይመሩ ብቻውን አረሩን ገፍቶ አፈሙዙ ውስጥ ሊቀረቅረው ይችላል፤ ተኳሹ ሳያውቅ ቀጣዩን ከተኮሰ መሣሪያው ሊፈነዳ ይችላል። ሁለት ጊዜ የተጨመረበት ደግሞ በአንዱ ተኩስ ብቻ እጅ ሊያሳጣ ይችላል። 38 ስፔሻል የሚባለውን የሽጉጥ ጥይት ውሰዱ። ቀለሃው በ19ኛው መቶ ዓመት ማብቂያ ላይ የተሠራው ብዙ ቦታ ለሚይዘው ጥቁር ባሩድ ነበር። ከዛሬው ባሩድ ጥቂቱ ይበቃዋል፤ ስለዚህ እጥፍ ቢገባበት እንኳ ሞልቶ አይፈስም። ያልፈሰሰውን ደግሞ ካላዩት በቀር የሚያሳብቅበት የለም።

የአጉራሹ ወዳጆች መልስ አላቸው፤ መልሳቸውም እውነት ነው። አረር በእጁ የሚያስቀምጥ ሰው ዓይኑ ከሣጥኑ ወደ ቀለሃው፣ ከቀለሃው ወደ ሣጥኑ ይመላለሳል። እጁ ነጻ ከወጣ ዓይኑም ነጻ ይወጣል፤ ማንሻውን በሳበ ቁጥር ቀለሃው ውስጥ ያለውን ባሩድ ለማየት ጊዜ ያገኛል። እኔም በዚህ እስማማለሁ። ነገር ግን የተገኘችውን ጊዜ ለማየት የሚያውላት አለ፣ ለመፍጠን የሚያውላትም አለ። ማሽኑ ሁለቱንም ሰዎች እኩል ያገለግላል። የቸኮለ አፍሶ ይለቅማል ይባላል፤ ባሩድን የሚያህል ነገር ግን አፍሶ ለመልቀም እንኳ ፋታ አይሰጥም።

ስለዚህ ፍርዴ ይህ ነው። አጉራሹ መልካም መሣሪያ ነው፤ የተቆጣጣሪውን ወንበር ግን አይውሰድ። አቅም ያለው እንደ ዲሎን አርኤል 1100 ያለውን ባለ ስምንት ወንበር ማሽን ይግዛ፣ ሁለቱም ይቀመጣሉ። ባለ አምስት ወንበር ማሽን ያለው ደግሞ የመጨረሻ ሁለት ሥራዎቹን ያጣምር። ያንንም ያልወደደ መብራት ከማሽኑ በላይ ይስቀል፤ ማንሻውን ከመሳቡ በፊትም እያንዳንዱን ቀለሃ ጎንበስ ብሎ ይመልከት። ይህን ለማድረግ ትዕግሥት የሌለው ሰው አረሩን በእጁ ማጉረሱን ይቀጥል።