በመገናኛ ራዲዮ ስለ መነጋገር

በእንጦጦ ግርጌ የምንኖር የጉለሌ ሰዎች እንደምናውቀው፣ በክረምት ነፋስ ሲበረታ የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ይወድቃል፤ መብራትም ይጠፋል። በቤቱ ውስጥ ሻማ እየፈለገ የሚያጉረመርም ሰው፣ በዚያው ሰዓት በዝናብ ውስጥ ምሰሶ ላይ የወጣ ሌላ ሰው መኖሩን አያስብም። እኛም ከሥራው ባንገባ ኖሮ ባላሰብነው ነበር።

በ1982 ዓ.ም. በአንድ የአገልግሎት ድርጅት ውስጥ በራዲዮ ሠራተኛነት ተቀጠርን። መሣሪያው እንደ ስልክ አይደለም፤ ቁልፉን ተጭኖ የሚናገር ሰው አይሰማም፣ የሚሰማውም አይናገርም። ሞገዱ በቀጥታ የሚጓዝ ስለ ሆነም ኮረብታ ያግደዋል፤ ስለዚህ በከፍታ ላይ የቆመ ሌላ ራዲዮ ድምፁን በአንድ ሞገድ ተቀብሎ በሌላ ሞገድ ያስተላልፈዋል። ይህ መቀባበል ቅጽበት ይፈጃልና፣ ቁልፉን ተጭኖ ጥቂት ሳይታገሥ የሚናገር ሰው የቃሉ መነሻ ይቀርበታል። በአማርኛ ደግሞ የክልከላ ምልክታችን ያለችው በቃሉ መነሻ ላይ ነው።

በዚያ ክረምት አንድ ማታ፣ ጋሼ የምንላቸው አንጋፋ የመስመር ሠራተኛ በሽሮ ሜዳ በኩል ምሰሶ ላይ ነበሩ። በማከፋፈያ ጣቢያው ያለው ወጣት ባልደረባችን፣ «ጋሼ፣ ጨርሰዋል? ልልቀቅ?» ሲል ጠየቀ። እርሳቸውም «አትልቀቅ!» አሉ። ለእኛም ለእርሱም የተሰማን ግን «ልቀቅ!» የሚለው ብቻ ነበር።

ጋሼ ሁልጊዜ «ልጄ» ሳይሉ ትእዛዝ አይሰጡም ነበር። ወጣቱ ይህን አስታውሶ ነው መሰለን፣ እጁን ከማብሪያው ላይ አንሥቶ፣ «ጋሼ፣ እስቲ ይድገሙልኝ» አለ። ጥቂት ዝምታ ሆነ። ከዚያም፣ «አትልቀቅ ልጄ፣ ገና ሽቦው በእጄ ነው» የሚል ድምፅ መጣ። በተቀመጥንበት ጉልበታችን ከዳን።

ከማግስቱ ጀምሮ በመካከላችን ስምምነት አደረግን። ክልከላ «ቆይ» በሚል ቃል ብቻ ይነገራል፤ «ልቀቅ» የሚለውም ትእዛዝ ተቀባዩ ቃሉን መልሶ ሳይናገር አይፈጸምም። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘነውም፤ በኋላ ግን ሌሎች በእጅጉ የከፋ ዋጋ ከፍለው እንደ ተማሩት አነበብን። መጋቢት 18 ቀን 1969 ዓ.ም. በቴኔሪፌ ደሴት ሁለት ታላላቅ አውሮፕላኖች ተጋጭተው 583 ሰዎች ሲያልቁ፣ ከምክንያቶቹ አንዱ ሁለት መልእክቶች በአንድ ሞገድ ላይ በአንድ ጊዜ ተነግረው መደፈናቸው ነበር። ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላን ተቆጣጣሪዎች «መነሣት» የሚለውን ቃል የሚናገሩት የመነሻውን ፈቃድ ሲሰጡ ወይም ሲሰርዙ ብቻ ነው።

እኛ ዛሬ በጡረታ ላይ ነን። ልጆቻችን በስልክ ሲጠሩን ግን፣ ስልኩን ካነሣን በኋላ ጥቂት ዝም ሳንል አንመልስም። እነርሱም እየሳቁ፣ «አባባ፣ ተቋረጠ እንዴ?» ይሉናል።